የሚመታው ቤት

ቀን ቀን ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ገመዱን ግራሶ ቀብቼ፣
ስንቱን ነርስ፣ ስንቱን ዳኛ ከፎቅ ፎቅ አውርጄ አውጥቼ፣
ማታ ጌልዘንኪርሸን፣ ቤቴ ስገባ ደክሞኝ፣
ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ደረጃ ነው የሚጠብቀኝ።
ከፍራው ፕሺቢላ በር እስከ እኔ በር
አሥራ ስድስት ነው ቢቆጠር።
ሰባተኛው ተሸርፏል፤
ዓይኔ ባያየው እግሬ ያውቀዋል፣
በጨለማም ይዘለዋል።

ሙዚቀኛ ነኝ ስላችሁ መሣሪያ እንዳትፈልጉ።
ፒያኖ የለኝ፣ ጊታር የለኝ፣ ቫዮሊንም ከነማዕረጉ።
ካልሲ የተሰጣበት ወንበር፣
ሲሞቀው የሚያቃስት ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫ፤
አዳራሹ ይኸው፣ ባንዱ ይኸው፣ ይኸው የክብር መቀመጫ።

ድሮማ፣ ከፎልክማር ጋር፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣
ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ነበረን፤
ሽቦው እንደ ሐረግ የተጠላለፈ።
ሁለት ሰዓት እናሞቀዋለን።
ሰው አዳራሹን ሲሞላ
በሰው ትንፋሽ ቅኝቱ ይዛባል፤
ፎልክማር ይሳደባል፤
እኔ ቁልፉን በመዳፌ እይዛለሁ፣
እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር።
ሙንስተር ላለ የጥርስ ሐኪም ሸጥነው፤ ገንዘቡን ተካፈልን።
ፎልክማር ፖርቹጋል ሄዶ የወይራ ዛፍ ተከለ።
እኔ፣ ሊፍት።

ዛሬ ያ ቁም ሣጥን ስክሪኔ ላይ ተሥሎ አለ።
ቁልፉ ተሥሏል፣ ብሎኑ ተሥሏል፣ ዝገቱ እንኳ አልቀረም፤
የላላች ብሎን ሳይ እጄ መፍቻ ፍለጋ ይሄዳል፤ ልማድ አይሻርም።
"እርጅና" የሚል ቁልፍም አለው፤
ወደ ቀኝ ባዞርኩት ቁጥር ቅኝቱ ይዛባል፣ በልኩ።
በልኩ!
የፎልክማርን ስድብ ግን ረስተውታል፤
ሜኑውን ሁሉ በረበርኩ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ።
አሥራ ስድስት ባዶ ሣጥን፤ በየሣጥኑ አንድ ድምፅ።
ሲኩዌንሰር ነው ስሙ፤ ለእኔ ግን ታዛዥ ተማሪ፦
ያልኩትን አይረሳ፣ ያላልኩትን አይጨምር፣
ዞሮ ዞሮ ከአንድ ይጀምር።
አንዷን ኖታ በአንድ ጣት ከፍ ባደርጋት
የቀሩት ዞር ብለው የሚያዩአት ይመስለኛል።
ከዚያ ፊልተሩን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፤
እንደ ሊፍት በር አይደለም፣ እንደ ንጋትም አይደለም፤
ጉንፋን እንደሚለቀው አፍንጫ።
ሰባተኛዋን ሣጥን ለምን ባዶ እንደምተዋት
ራሴን ጠይቄ አላውቅም።
ባዶነቷ ይጥመኛል፤ በቃ።
አርባ ደቂቃ እንዲህ ይሄዳል።
ግድግዳው አይሰማ፣ መንገዱ አይሰማ፤
ከሁለት ጆሮዬ በቀር ዓለም በሙሉ ዝም።

ሐሙስ ዕለት በሬ ተንኳኳ።
ፍራው ፕሺቢላ። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ።
በነጠላ ጫማ እንደቆመች
"ሌሊት ሌሊት ምንድነው የምትቆጥረው?" አለች።
ድምፅ እኮ አይወጣም አልኳት፤
ማዳመጫውን አሳየኋት።
እሷ ወደ ታች አመለከተች፣ ወደ ቀኝ ተረከዜ።
"አሥራ አምስት ትመታለህ፤ ሰባት ላይ ትዘላለህ።
ባሌ የከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ደወል ደዋይ ነበር።
አንድ፦ ቁም። ሁለት፦ ውጣ። ሦስት፦ ውረድ።
አሥራ አምስት የሚባል ምልክት የለም፣ ልጄ።
ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳቆም፣ ሰው ሳወጣ፣ ሳወርድ አድራለሁ።"

ገጣሚ ቤት ሊመታ ስንት ሌሊት ይቃትታል፤
እኔ ሳላስበው
የሴትዮዋን ቤት ስመታ ከርሜያለሁ።

ማዳመጫውን ሽበቷ ላይ አደረግሁላት።
አራት ዙር ሰማች፤ አምስተኛውን ሳይጨርስ አወለቀችው።
"ሰው በዛበት" አለች። "ከታች ይሻላል።"

ስትወርድ ቆጠርኩ።
ሰባትን ረገጠች፤ ስምንትን፣ ዘጠኝን።
ከዚያ አንድ ዝምታ።
ለካ ከላይ ለሚቆጥር አሥር ነው የተሸረፈው።

ያን ሌሊት ባዶዋን ሣጥን ወደ አሥር አዛወርኩ፤
ካልሲዬን አወለቅሁ።