መሐል ላይ የሚጠፋ

አባ ጨብሳ ሞተሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣
ከአሰንዳቦ በሚኒባስ ጣሪያ፣ ከመናኸሪያ በትከሻው አዝሎ፣
አዌቱን ተሻግሮ ጋራዤ ደጃፍ ሲመጣ፣
እኔ ባጃጅ ሥር ነበርኩ፤ እግሬ ብቻ ነው የወጣ።

«የጀልባ ነው» አለኝ። እኔ ጅማ ተወልጄ ጸጉሬ እስኪሸብት፣
ከባጃጅና ከወፍጮ በቀር ያልፈታሁ አንድም ለት፣
ዋና የማላውቅ፣ አዌቱ ሲሞላ ድልድዩን የምፈራ፣
«አስቀምጠው» አልኩት፤ ሞተር መቼስ ሞተር ነው፣ የትም ቢሠራ።

«ሕመሙ ምንድን ነው?» «ይነሣል፤ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ይጠፋል።
ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ገመዱን ብጎትት፣ ብጎትት፣ ያንቀላፋል።»
«የቱ ቦታ?»
ዝም አለ። ጥፍሩ ሥር ያለውን ጭቃ አየና፣ ቆይቶ፣ በዝግታ፦
«የአባቴ ማሳ ላይ። ግድቡ ሳይሞላ፣ በቆሎ የምንዘራበት ቦታ።
በረቱም እዚያው ነበር፣ ዋንዛውም። ዛሬ መረብ እጥልበታለሁ።
ይይዘኛል መሰለኝ፤ እኔም ትንሽ እቆይለታለሁ።»

ሰውን ውሃ ይይዝ ይሆናል፤ ሞተርን ግን አይይዝም፣ በእምነቴ።
ካንዴላውን ፈትቼ አሸተትኩት፤ ደረቅ ነው፣ እንደ ረመዳን አንጀቴ።
እሳቱን ብረት ላይ ፈተንኩት፤ ሰማያዊ ነው፣ ይዘላል።
እሳት እያለው ከቆመ፣ እንግዲህ ጠምቶት ይሆናል።

ታንኩን ገለበጥኩት፤ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ አያጣም፣
የእሱ ግን ንጹሕ ነበር። ማጣሪያውን ነፋሁት፤ ያልፋል፣ ቆሻሻም አያመጣም።

በርሜል ውሃ ሞልተን አፉ ላይ አሰርነው። አስነሣሁት፤ ሙራድ ራሰ።
ሦስት ደቂቃ። ከዚያ አሳለ፣ ተንተባተበ፣ ትንፋሹ አነሰ።
«ሙራድ፣ ኳሷን ጭመቅ!» ቱቦው ላይ ያለችውን ጥቁር የላስቲክ ኳስ።
ጨመቀ፤ ነፍስ ዘራ። ለቀቀ፤ ሞተ። ጨመቀ፤ ዳግም እስትንፋስ።
በእጅ ካላጠጡት የማይኖር ሞተር፣ ሕመሙ ፓምፑ ነው፣ አለቀ።
አባ ጨብሳ ይህን ሲያይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፦
«ልጄ ዘምዘም ናት እንዲህ እየጨመቀች ማታ ማታ ዳር የምታደርሰኝ።
ክንዷ አብጦ ታድራለች። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላለችኝ።»

ፓምፑ የክብሪት ሣጥን ያህላል፤ አራት ብሎን፣ ሁለት ቱቦ።
ውስጡ ስስ ሽፋን አለ፤ ሲተነፍስ ይውላል፣ ቤንዚኑን ስቦ።
ለፀሐይ ገልጬ አየሁት፤ ጫፉ ላይ፣ የመርፌ ዓይን የምታህል
ብርሃን ጠቀሰችኝ። ይህች ናት ሰውዬውን ሐይቅ መሐል የምትጥል።

አዲስ አበባ ደወልኩ፤ «ለእንደዚህ ያለ ሞዴል? የለም።»
ከከመነዳሪ ቆርጬ ሰጠሁት፤ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም፣
ቤንዚን ጠጥቶ አበጠ፣ እንደ ተነከረ ቂጣ ተላቀቀ።
የእኔ ጥፋት ነው። ይህን ተለማማጅ እንኳ ያውቀዋል።
ሙራድ ያውቅ ነበር፤ አልነገረኝም።

በሦስተኛው፣ ከሞተ የእንጨት መጋዝ ካርቡራተር ደህና ሽፋን ፈለቀቅኩ፤
በምላጭ ከርክሜ፣ በወስፌ በስቼ፣ አራቱን ብሎን አጠበቅኩ።
በርሜሉ ውስጥ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ሙራድ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሲሄድ አስረዳሁት፦ «ዳር ላይ ኳሷን ጨምቀህ የሞላኸው ቤንዚን
የሚበቃህ ሦስት ደቂቃ ነው። ከደነባ ዳር ሦስት ደቂቃ የት ያደርሳል?»
«ማሳው» አለ።
«ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።»
«እሺ» አለ። አፉ ነው እሺ ያለው።

በወሩ ተመለሰ፤ ቀሪውን ብርና አራት ቆሮሶ፣ በኮባ ጠቅልሎ።
«ሞተሩስ?» «ይነጉዳል። ዘምዘምም አሁን ትተኛለች፣ ክንዷ ቀልሎ።»
«መሐል ላይስ?»
«አይጠፋም።»
ወደ መንገዱ ዞረ፤ ባጃጆቹን እንደ ውሃ አያቸው።
«እኔ አጠፋዋለሁ።»

ቁልፌን መፈለግ ጀመርኩ፤ ዐሥር ቁጥር።
እጄ ላይ ነበር።