አቤት

ካዛንቺስ ወረዳ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
«ፋይልህ የለም» አሉኝ፣ «ሰኞ እንተያይ።»
ከመስኮት ሰባት ወደ መስኮት ዘጠኝ፣
ከዘጠኝ ወደ ሰባት፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝ።
ስሜ ሲጠራማ፣ «አቤት!» ብዬ ሮጥኩኝ፤
ሞክሼ ኖሮኛል፤ አፍሬ ተመለስኩኝ።
አቤቱታ ጻፍኩኝ፣ አራት ገጽ ወረቀት፤
«ማኅተም ይጎድለዋል፣ ውረድ ወደ ምድር ቤት።»

ወረድኩ።
ምድር ቤቱን አልፌ፣ ቁልቁለቱንም አልፌ፣ እስከ እስጢፋኖስ በር፤
ስልኬ ሦስቴ ጮኸ፣ አከራዬ ነበር።

ነጠላ አልያዝኩም፤ ክንዶቼን አጣፋሁ፣
ቀዝቃዛው ግንብ ላይ ግንባሬን አስጠጋሁ።
«አባታችን ሆይ» ስል፣ የኪራይ ሒሳብ ገባብኝ መሀሉን፤
«የዕለት እንጀራ» ላይ ስደርስ ተናነቀኝ፤ አልጨረስኩም ቃሉን።
«አቤቱ» ብቻ ወጣኝ።
ባቡሩ በስታዲየም በኩል እየተንኳኳ አለፈ።
ከዚያ ዝም አልኩኝ።

ወረዳው በማያውቀው፣ በክርስትና ስሜ፣
አንድ ድምፅ የጠራኝ መሰለኝ፣ ከበሩ ጥግ ቆሜ።
ለካ የመጣሁት ልጣራ አልነበረም፤
«አቤት» ልል ነው እንጂ። ኪራዩም አልቀረም፤
ማኅተሙም አልተመታ።

ስልኬ ደግሞ ጠራ።
አነሣሁት።