አራት ነጥብ

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ክላይፔዳ ወደብ።
ክሬኑ እንጨት አንጠልጥሎ ቆሟል፤
ሃያ ስምንት ቶን ተሸክሞ
ሚዛኑ ዜሮ ይላል።

ዳንጉዎሌ ስቶንኩቴ መነጽሯን አወለቀች፣
በሹራቧ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አጠለቀች።
ፋይሉ የጊንታውታስ ነው፣ የሃያ ዓመት ጽሑፍ፣
እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ ኮዱ ግን አያርፍ።

ከላይ «ጥቅል ሚዛን» ብሎ ያውጃል፣
ከሥሩ «ክብደት የእኛ ነው» ይላል።
ወረድ ብሎ ሌላ ቤት ይጠራል፦
«ጥቅል ክሬን»።
በመሃል አንድ ባዶ መስመር። አጥር የለ፣ መዝጊያ የለ።

ስም ቤት እንዳለው እሷ አታጣውም፤
አባቷ ስቶንኩስ፣ እናቷ ስቶንክየኔ፣
ግንዱ አንድ፣ ጫፉ ነው የሚናገር
ማን ሚስት እንደሆነች፣ ማን ልጅ።
እዚህም ሙሉ ስም ሲጠራ፣ ሚዛን ይባልና
አራት ነጥብ ይደረጋል፣ ቀጥሎ ክብደት።
ለእኛ አራት ነጥብ ማሰሪያ ነው፣ የነገር መሞት፤
ለእነሱ ደጃፍ ነው፣ «ግባ» የሚሉበት።

ክሬኑ ሥራ ሲጀምር «ክብደት ዜሮ ይሁን» አለ፣
የራሱን መስሎት።
ማን ይንገረው? ጥቅል ቢለወጥም
«የእኛ» የተባለው የፊተኛው ቤት ስም
ቅንፍ ካልገታው በቀር
እስከ ፋይሉ ጫፍ ይዘልቃል።
የጎረቤት እንስራ ደፍቶ
«የኔ ባዶ ነው» እንደሚል ሰው ሆነ።

ሲነጋጋ ደወለችለት።
«አውጄ ነበር እኮ!» አለ።
«አወጅክ፤ አላጠርክም።»
ዝም። በስልኩ ነፋስ ብቻ።

ሰውየው የኩርሹ ሐይቅ በረዶ ላይ ነው፣
ክንድ የምታህል ቀዳዳ በስቶ።
የእሱ ናት፤ ጎረቤቱ አያያትም፤
ሲነሳ ትጋገራለች፣ ነገ ቦታዋም አይታወቅም።
ከሥር ያለው ውሃ ግን የሁሉም ነው፤
ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

እሷ ከ«ሚዛን» ቀጥሎ ቅንፍ ከፈተች፣
«ክሬን» ሳይጀምር ዘጋችው።
ማሽኑ ወዲያው ጮኸ፦
«ክብደት ማነው? በዚህ ቤት አላውቀውም!»
ሳቀች፤ ከሌሊቱ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ።
ከክሬኑ ክብደት ፊት
«የእኔ» ብላ ጻፈች።

ሃያ ስምንት፣ አለ ሚዛኑ።

«ቅንፉን ዘጋሽው?»
«ዘጋሁት።»
«እሺ፣ ቆይ፣ ዓሣ ያዘ» አለና
ስልኩን በረዶው ላይ አስቀመጠው፣
ሳይዘጋው።