መረብ ጠጋኝ በከርከና

ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ እኛ ቤት የሚነጋ፤
ያኔ ትነሣለች፣ ልጄ ቤያ ካልጋ።
ጥቁሩን መጋረጃ፣ ከመስኮቱ ፈትታ፣
"ባባ፣ ሄደች?" ትላለች፣ አንገቷን አውጥታ።
"ሄደች" እላታለሁ።
እናቷ የሰፋችው የፊት መሸፈኛ
ሚስማሩ ላይ ይቀራል።

እኛ ቤት በስሟ፣ ፀሐይን አንጠራም፤
ዓሣ ለማድረቅ ግን፣ ያለ እሷ አንሠራም።

እኔ በፋኖሴ፣ መረቤን ዘርግቼ፣
ዶልፊን የበጠሰውን፣ ክር በክር አይቼ፣
የሞተውን ቆርጬ፣ ደህናውን አስሬ፣
ሠላሳ ዓመት ኖርኩ፣ ከመርፌ ጋር አብሬ።

ስፋክስ ሆስፒታል፣ ዶክተር ነስሪን አሉ፤
ወረቀት አውጥተው፣ ሁለት ክር ሳሉ።
"በያንዳንዱ ሕዋስ፣ እንዲህ ተጠማዞ፣
ይኖራል" አሉኝ፣ "የሰውን መልክ ይዞ፤
አራት ዓይነት ፊደል፣ ተደርድሮበታል።
ፀሐይ ስትመታው፣
ሁለት ጎረቤታም ፊደል ይጣበቃል፣
ልክ እንደ ረጠበ፣ የደብተር ገጽ ሆኖ፤
ንባቡም ይቆማል፣ እዚያ ላይ ታፍኖ።"

"የኔስ አይጣበቅም?"
ፈገግ አሉ። "ይጣበቃል።
ዛሬ ጠዋት ብቻ፣ ጀልባዎ ላይ ቆመው፣
የአንገትዎ ቆዳ ሺህ ጊዜ ተቀዷል፤
ሺህ ጊዜም ተሰፍቷል፣ እርስዎ ሳያውቁት።
አንዱ በጣቱ ዳስሶ፣ ጉብታውን ያገኛል፣
ሌላው ክሩን ፈልቅቆ፣ ወዲያና ወዲህ ይዞ ይቆማል፣
መቀስ በግራ፣ መቀስ በቀኝ፤
ሠላሳ ፊደል ያህል ቁራጭ ይወድቃል፤
የማዶውን ክር እያየ፣ አንዱ የጎደለውን ይሞላል፣
የመጨረሻው ይቋጥራል።"

ይህንንስ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።

"የቤያ መቀስ አለ። ክሩም አለ።
የሚዳስሰው ጣት ነው የሌለው።"

አንድ ደህና ቅጂ፣ አንድ ደግሞ ብልሹ፣
እኔም አለኝ፤ እናቷም አላት።
ጤነኛውን ለራሳችን አስቀርተን፣
የሁለታችንንም ቀዳዳ ለሷ ሰጠናት።
እኔ! የወደቡን መረብ ሁሉ የሰፋሁ ሰው።

ትናንት ሌሊት ላምባው አልቆ፣ ፋኖሱ ጠፋ።
ነፋሱም ቆሞ ነበር፤ ባሕሩ አይሰማም።
ቤያ ባጠገቤ፣ መረቡ መሐል ተቀምጣ፣
ጠባሳ የወረሰው፣ ትንሽ እጇን ሰድዳ፣
"ባባ፣ እዚህ ጋ" አለች።
ያላየሁት ቀዳዳ።

በጨለማ ሰፋነው፤
እሷ እየዳሰሰች፣ እኔ እየቋጠርኩ፣
የስፋክስ ጀልባ መብራት ከሩቅ እስኪታይ፣
ምሥራቁ መቅላት ጀምሮ
"ግቢ" እስክላት ድረስ።