የመስመሩ ጫፍ

ሥራዬ በር ማንኳኳት፣
ቧንቧ ከፍቶ ጥቂት ማፍሰስ፣ በጠባብ ብልቃጥ መቅዳት፣
አንዲት ክኒን ጣል አድርጎ፣ እስክትሟሟ መጠበቅ ናት።
ሮዝ ከሆነ፣ ክሎሪን አለበት፤
ቢደምቅ፣ በዝቶበት፤
ጨርሶ ካልቀላ፣ በመዝገቤ ቀይ ክብ ነው የሚዞርበት።

ጠዋት ከታንከሩ ሥር፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በር፣
አንኳኩቼ ሳልጨርስ ተቀበሉኝ በነገር፦
"መጣህልኝ በረኪናው! እስኪ ቅመሰው አንተ፣
የጠላ ጥንስሴ እኮ ሳይፈላ ከጋኑ ሞተ፤
የልጄ ጸጉር ጭድ መሰለ፣
ሻዬ ገና ሳይቀዳ ሆስፒታል ሆስፒታል አለ።"
እማሆይ ጸዳለ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ቀስ ብለው፣
"እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ፣ ይህ ነገር ጾም አስገዳፊ ነው?"

ቀዳሁ። ጣልኩ። ጠበቅሁ። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ይመስላል።
"እውነትዎን ነው" አልኳቸው፣ "ታንከሩ ሥር ሲሆን ይበዛል፤
ሩቁ ድረስ እንዲዘልቅ፣ ከመነሻው ጫን ይላል።"
"ለሩቁ ሰው ተብሎ የኔ ጥንስስ ይሞታል?"
መልስ አልነበረኝም።
"ከፍተው ያሳድሩት፣ ሽታው ይበናል" አልኩና
ብልቃጤን አለቅልቄ ወጣሁ።

ግንቡን በጎን አልፌ፣ የቀሐን ድልድይ ተሻግሬ፣
በሚኒባሱ መስኮት ሥር፣ ሣጥኔን ከጉልበቴ አኑሬ፣
ቧንቧው እንደሚወርደው ወረድኩ።
በየሠፈሩ ቀዳሁ፤ ሮዙ እየገረጣ ሄደ፣
ደጋግመው እንዳጠቡት የሕፃን ሸሚዝ።

ከአዘዞ ወዲያ፣ የመስመሩ ጫፍ፣ አያ እንየው ቤት ደረስኩ።
በስምንት ቀን አንዴ የምትመጣዋ ውሃ መጥታ ነበር፤
ግቢው በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ፣ "እንኳን ደስ አላችሁ" አልኩ።
ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ፦
"ቅመሳት! የምንጭ ናት እንጂ! እዚህ መድኃኒት የለብን፣
የከተማ ሰው ይጋተው፣ እኛንስ እግዜር ጠበቀን።"
ጠጣሁ። ጣፋጭ ነበረች፣ ቀዝቃዛ፣ ሽታ የሌላት፣
የአንገረብን ደለል፣ የስንት ዓመት ዝገት
አቋርጣ የመጣች የማትመስል፣ ኃጢአት የሌለባት።

ክኒኗን ጣልኩ። ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳሁ።
ምንም።
ሌላ ክኒን ጨመርኩ። ሰዓቴን አየሁ።
ምንም።
ከጓዳ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎም የእናቱ ድምፅ፦
"ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዱ አልረጋለትም፣
ጥርስ ሊያበቅል ይሆናል።"
አያ እንየው ፈገግ ብለው ብልቃጤን አዩና፣
"አየህ አይደል?" አሉኝ፣ "ንጹሕ ናት! ቅንጣት ቀለም የላትና!"

እንዴት ይነገራል ይህ?
ቀይ ክብ አዞርኩ። "አፍልታችሁ ጠጡ" አልኩ።
"በምን ማገዶ? ከሰል ስንት እንደገባ ሰምተሃል?"
ለራሴ የያዝኳትን የውሃ መድኃኒት ጠርሙስ
ከቦርሳዬ አውጥቼ ለሕፃኑ እናት ሰጠሁ፦
"ልኩ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከጨመርሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ታገሺ።"
ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ፊቷን አጨማደደች።
"ይኼማ በረኪና ነው" አለች።
ጠርሙሷን መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት፣ ከሳሙናው አጠገብ።
ትክፈታት፣ አትክፈታት፣ አላውቅም።

ማታ ቤቴ፣ ሳሙና በር፣ ብርጭቆዬን ሞላሁና
አሸተትሁት። አለች፣ ጥቂት፦ እንደ ሌሊት ዘበኛ ሳል፣
የምትቀሰቅስም፣ የምታስተኛም።
ወዲያው አልጠጣሁም።
መዝገቡን ገልጬ ደመርኩ፣
የጠዋቱን ቀይ ሥር፣ የከሰዓቱን ምንም፣
መካከል ያሉትን ሁሉ፤ ለአሥራ አንድ አካፈልኩ።
ነገ አለቃዬ የሚጠይቀኝ አማካዩን ነው።
አማካዩ ደህና ነው።