የሚቀር ምስል

ዕቁቡ ደረሰኝ፣ በአስራ ስድስት ወሩ፤
"ሶፋ ግዛ" አሉኝ፣ ያዩኝ ሲመክሩ።
እኔ ግን መርካቶ፣ ሸምሱ ሱቅ ገብቼ፣
ኦሌድ ሞኒተር ገዛሁ፣ ብሩን አራግፌ ሰጥቼ።

"ጥቁሩ ጥቁር ነው" አለኝ እየማለ፣
"እንደ ሌላው ስክሪን አመድ ያልመሰለ።
ድፍን ሌሊት ነው። ግን አንድ ምስል ቆሞ ከዋለበት
ይቃጠላል፤ ጥላው ይቀራል፣ ላይለቅ፣ ታትሞበት።
ያኔ ሸምሱ እንዳትለኝ።"

ሃይገር ላይ ተሳፈርኩ፣ ካርቶኑ ጭኔ ላይ፣
ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሽቅብ ወደ ሰማይ፤
የሴትዮዋን ዘንቢል፣ የሰውየውን ጃንጥላ
በክርኔ ስመክት፣ ከአቃቂ እስከ ኮዬ፣ ትከሻዬ ሲላላ።
ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም፤ ቦታው ግን አለ፣
በጣውላ የታሸገ ጉድጓድ፣ ሊፍቱን ሲጠብቅ የዋለ።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ቀርቶ ዘበኝነት ሆነ።
ጌሙ ጥግ ላይ ክብ ካርታ አለ፣ ንቅንቅ የማይል፤
ከታች ቀይ መስመር፣ የቀረኝ ዕድሜ፤
ጠላት ከኋላዬ ሲያነጣጥር እኔ ካርታው ላይ አፍጥጬ
"ይጣበቅ ይሆን?" ስል ስንት ጊዜ ሞትኩ።
ኦብሳ ከታችኛው ብሎክ መጥቶ ይስቅብኛል፦
"ሰው ሞኒተር ገዝቶ ይጫወታል፤
አንተ ገዝተህ ታርሳለህ?"
ብርሃኑን በግማሽ ቀነስኩ። የታችኛውን መስመር ደበቅኩ።
ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ አጠፋዋለሁ።
ማታ ማታ ግራጫ ምስል ከፍቼ
አፍንጫዬን አስጠግቼ
ምስር እንደሚለቅም ሰው ጠባሳ እፈልጋለሁ።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ ያየኛል።
ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፣
ከቃሊቲ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቃሊቲ።
"ምንድነው የሚፈራው ይሄ ዕቃ?" አለ።
"አንድ ነገር ደጋግሞ ማየት፣ አባዬ። ያየው ይቀርበታል።"
ዝም አለ። ቆይቶ እጅጌውን ሰበሰበ፤
የግራ ክንዱ፣ የመስኮቱ፣ ከቀኙ ይልቅ ከስሏል፤
አንጓው ላይ የሰዓቱ ቦታ ብቻ ክብ ሆኖ ነጥቷል፣
ሰዓቱ ግን ተሸጧል፣ አምና፣ ለመድኃኒት።
"ዓይኔን ስጨፍን" አለ፣ "ሳሪስ ጋ መብራቱ ቀይ ነው፤
እግሬ እስካሁን ፍሬን ይፈልጋል።"

ይሄኔ መብራት ሄደ።
ኮዬ በሙሉ፣ ብሎክ በብሎክ፣ እንደ ተነፈሰ ጎማ ተኛ፤
ጄኔሬተር ያለው ሥጋ ቤት ብቻ ሩቅ ቀላ።
ምስሉም ቀረ።
ምን ዓይነት ቋንቋ ነው የኛ፤
ያልመጣውም ቀረ፣ ያልሄደውም ቀረ።
እናቴ ለምርመራ ሄዳ ከሆስፒታል ቀረች፤
ግን እዚህ ግድግዳው ላይ፣ ፍራሹ አጠገብ፣
ተደግፋ የምትቀመጥበት የጀርባዋ ወዝ ቀረ፣
ቀለም ቀቢው ሁለቴ ደርቦበት፣
ክፍያውን ተቀብሎ፣ አፍሮ የሄደበት።
በስልኬ መብራት አየሁት። አባቴም አየ።
ማንም ስለ ዋስትና አላነሳም።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ መብራት መጣ።
ግራጫውን ልከፍት እጄ ሄዶ ነበር፤
"እስኪ መኪና ያለበት ካለ" አለ አባቴ፣
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ።
አውቶቡስ ፈልጌ አገኘሁለት፤ ጆይስቲኩን
እንደ ትኩስ ድንች ተቀበለኝ፣
መጀመሪያ አጥር ገጨ፣ ቀጥሎ የመንገድ ምሰሶ፣
ከዚያ መንገዱን ያዘ፣ በሥርዓት፣ በቀኙ፣
በሌለ ፌርማታ ሁሉ እየቆመ።

እኩለ ሌሊት አለፈ። ካርታው ጥጉ ላይ
ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እንደተገተረ ነው፤
አየሁት፤ አጥፋው አላልኩም።
"ሳሪስን አላስገቧትም እንዴ?" አለ፣
ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።