ሩብ ኪሎ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢላ ስሞርድ ኖሬ፣
በሽንጥ በዳቢቱ ስሜን አስከብሬ፣
አንድ ሌሊት ድንገት አውራ ጣቴ ጋለ፤
አንሶላ ቢነካው ነፍሴን አቃጠለ።

ሐኪሟ ልጅ ናት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣
«ሪህ ነው አባባ፤ ሥጋው ከቤት ይውጣ፤
ቅቤውም ይቅርብዎ።»
ከቤት ይውጣ ትላለች!
ቤቴ በምን እንደቆመ የት ታውቃለች?

ጾም ቢሆን ቀላል ነው፤ ማን ልብ ይለኛል፣
ከሰው ጋር አብሮ በያይነቱ ይቀርብልኛል።
አሁን ግን ፋሲካው ካለፈ ሳምንቱ፤
ረቡዕም ዓርብም ሃምሳ ቀን ተፈቱ።
ደብረ ብርሃን በቅቤ ርሶ፣ ጠግቦ ተኝቶ፣
እኔ ብቻ ሽሮ ፍለጋ ልዙር? ምን ጉድ ነው ከቶ!
ቤቴ እንዳልበላ ደግሞ፣ ዘነበች ካረፈች ስድስት ዓመት አለፈ፤
ምድጃዬ ላይ የጎረቤት ድመት ተጋድሞ ክረምቱን አሳለፈ።

መናኸሪያው ጥግ ካለው ሆቴል ገባሁ ሐሙስ፤
«የጾም አለ?» ብለው፣ ሳቁን ሳይመልስ፣
«ጋሼ፣ ቀኑ ጠፋዎ? ምነው በደህናዎ?
ምላስ ሰንበር አለ፣ ዱለት ላምጣልዎ?»

ቀጥሎ ባለው ቤት ሽሮማ አለ ተባለ፤
ሸክላው ሲንተከተክ፣ ቋንጣ ከመሐሉ ብቅ አለ።
«እንዴ፣ ቋንጣ'ኮ ሥጋ ነው» ብላት ለልጅቷ፣
«ማጣፈጫ ነው እንጂ!» አለች በየዋህነቷ።

ከአስፋልቱ ማዶ ባለመስታወቱ፣ «ሰላጣ» እያለ፣
በሰፊ ሳህን ላይ ሦስት ቅጠል ጣለ፤
ሒሳቡ ሲመጣ የበግ እግር አከለ።

ወሬ ከእኔ ቀድሞ ጠባሴን አዳርሶ፣
«ጌጡ ሽሮ ጠየቀ» አሉ። አንዱ ነገር ለኩሶ፣
«የሚሸጠውን ቢያውቅ ነው የማይቀምሰው!» አለ፤
ዓርብ ጠዋት ከደጄ ሰልፉ በግማሽ ጎደለ።

ቅዳሜ በካፊያ እግሬን ስጎትት አይቶ
ባጃጁን አቆመ ልሳኑ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ።
በሬሳን ተሻግረን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
የጆንያ መጋረጃ ገልጦ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ግባ።»

ስም የለው፣ የዋጋ ሰሌዳ የለው። ሁለት አግዳሚ ወንበር፤
የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ያልተኙ ሠራተኞች፣
ፀጉራቸው ላይ የሱፍ ብናኝ ነበር።

መጀመሪያ ስልጆ። ሰናፍጩ ባፍንጫ ወጥቶ አናቴን መታ፤
ከዚያ አዚፋ፣ ቃሪያው ምላስ ሲቆነጥጥ፣ ሎሚው ሲረታ፤
የመንዝ ገብስ ቂጣ፣ ተልባ ተቀብቶ፤
የምንጃር ሽምብራ ዓሣ መስሎ፣ ቀይ ወጥ ውስጥ ተኝቶ።
እኔ የሥጋ ሰው፣ እጄ ሳይሳሳት የሚመዝን፣
ጥርሴ ያን የሽምብራ ዓሣ ሲነክስ ፈለገ ጅማትን፤
አላገኘም። ዝም አለ። ደግሜ ጎረስኩ።
«እንባህ ወረደ» ስትለኝ፣ «ሰናፍጩ ነው» አልኩ።

«ስለት ነው?» አልኳት፣ «ዓመት እስካመት የጾም መሥራቱ?»
«የቅቤ ዋጋ ነው» አለች አሰገደች፤ «ምን ስለት አለ በቤቱ!»
ከዚያ ትኩር ብላ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፣
«ጌጡ አይደለህ?» አለች።

«አምና ልጄ አራስ ሳለች ሩብ ኪሎ ብልህ፣
ከግማሽ በታች አንቆርጥም ያልከኝ፣ አንተ አይደለህ?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አላመጡን ገታ። እጄ ትሪው ላይ ቀረች።
እሷ ግን ሳትቆጥር ሁለት ጭልፋ ጨመረች፤
«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ሰኞ በሩን ሳልከፍት ተንበረከክሁ ከባንኮኒው ሥር፤
ጣቴ እያቃጠለኝ፣ ሞራና አቧራውን ስዳብስ፣ ስጭር፣
የሩቡን መመዘኛ አገኘሁት፣ ዝጎ።
በሽርጤ ጠረግሁት።
ከግማሹ ፊት አኖርሁት።